ለአበባ ብርድ ልብስ

ኅዳር ሲነጋጋ ደብረ ብርሃን ላይ፣
ሣሩ ይንኮሻኮሻል፤ ለብሷል አመዳይ።
አደይ ከረገፈች ሰንብታለች መቼም፣
መስኩ ላይ ለንብ የሚተርፍ አንድ ነገር የለም።

ፋብሪካው ጡረታ ስወጣ የሰጠኝ ብርድ ልብስ አለ፣
ጠርዙ ተንሻፎ የተሸመነ፣ ከገበያ የተጣለ።
ማታ ማታ አወጣዋለሁ፤ ለልጅ አይደል፣ አይደል ለራሴ፤
ለአንድ መደብ ጽጌረዳ፣ ለሦስት እግር ዳማከሴ።

በአጥሩ ሽንቁር አየኝ ጎረቤቴ ማንደፍሮ፣
«ለአበባ ብርድ ልብስ!» ብሎ ሳቀብኝ ተንፈራፍሮ።
የሱ ግቢ ሲሚንቶ ነው፤ ጭቃ ጠላ፣ ሣር ጠላ፤
ቀፎው ግን ከጣራው ሥር ተሰቅሏል፣ ከኋላ።

እኔ ሥራ አለኝ።
በተላጠ ሳህን ውሃ እሞላለሁ፣
ንቧ እንዳትሰጥም ብዬ ጠጠር እደረድራለሁ።
ግራዋውን አልቆርጥም፤ ብርዱ ሲለዝብ ነው የሚያብበው፤
የሰፈር ሰው «ጫካ አበቀልሽ» ይላል፣ ይበል፤ ምን ቸገረው።
ሰማያዊ አረም በቅሏል፣ ስሙን አላውቀው፣ ከደጃፍ፤
አንዲት ንብ ስላረፈችበት አልነካውም በጣቴ ጫፍ።

የካቲት ገባ። ማንደፍሮ መጣ፤ ሳቁን የት እንደጣለው፣
በጣሳ ማር ይዟል፣ ከነሰፈፉ፣ በጋዜጣ የሸፈነው።
አልተቀመጠም። አጎነበሰ አረሜ ዘንድ ቀስ ብሎ፣
«ዘሯ ይገኛል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ከልሎ።

«ሲሚንቶ ላይ ልትዘራት?» አልኩት።
እጁን ዘረጋ፤
ጥፍሩ ሥር አፈር አለ።