የጥላው ራስ

ሆኖሉሉ፣ እሑድ ጠዋት፣
አላ ሞአና መናፈሻ፣ ገና በሦስት ሰዓት
ለመኪና ማቆሚያ አንዲት ክፍተት የለም።
ሦስቴ ዞርኩ፤ በአራተኛው አንድ ቀይ መኪና ሲወጣ
ገባሁ እየፈነደቅሁ፣ እንደ ደረሰው ዕጣ፤
ያውም ከዛፍ ሥር፣ ያውም ጥላ።

ሣሩ ላይ ድንኳን በድንኳን፣ ገመድ ለገመድ ተጠላልፎ፣
የአንዱ ከሰል ጢስ በሌላው የልደት ፊኛ መሐል አልፎ፤
የማንም ያልሆነ አውራ ዶሮ ከወንበር ሥር ሩዝ ይለቅማል፤
አንዲት ሙሽራ ለፎቶ ባዶ እግሯን ቆማ
ቬሎዋን ነፋሱ ይቀማታል።

ከጎናችን ወይዘሮ ሉርደስ፣ የልጅ ልጆቿን ቆጥራ አትጨርስም፤
"ብሉ" ትላለች አላፊ አግዳሚውን፣ ስም አትጠይቅም።
በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ፣ ላዩ የቆርቆሮ ሥጋ፣
ሰጠችኝ፣ እንዳላፍር ዓይኗን ዞር አድርጋ።

ውሃው እዚህ ቁጡ አይደለም።
ራቅ ብሎ ነጭ መስመር አለ፣ ድንጋዩ ማዕበሉን የሚሰብርበት፤
ጉልበቱን እዚያ ጨርሶ ይመጣል
እንደ ጡረተኛ ወታደር፣ የልጆች እግር ሊዳብስ።
እኔ ዋና አልችልም። እስከ ደረቴ እገባለሁ፣
የቀረውን ለሚችሉት እተዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ "እንሂድ" አልኩ። ኪሴን ዳሰስኩ፣
ቦርሳውን ገለበጥኩ፣ ፎጣውን አራገፍኩ።
የመኪናው ቁልፍ የለም።
ልጄ ማኅደር፣ ስድስት ዓመቷ፣ የገዛ እግሯን ታያለች።
"ቀበርኩት" አለች። "የባሕር ወንበዴዎች ሀብት ነው።"
"የት?"
"ጥላው ራስ ላይ።"
ጣቷ ወደ ኮኮናቱ ጥላ፣ ወደ ጫፉ፣ ቅጠሎቹ ወደሚወዛወዙበት።
እርግጠኛ ነበረች። አመንኳት።

ቆፈርኩ። ሉርደስ ከነጭልፋዋ መጣች፣
የልጅ ልጆቿ ከነባልዲያቸው፤
ከማዶ ድንኳን ካዌሉ፣ ትከሻው የሚያህል በር፣
ሥጋውን ከሰል ላይ ትቶ በመዳፉ ይዝቅ ጀመር፤
ሙሽራዋ እንኳ ቬሎዋን ከጉልበቷ በላይ ቋጥራ
"ምን ጠፋ?" ብላ ጎንበስ አለች ከእኛ ጋራ።
የጠርሙስ ክዳን ወጣ። የሕፃን ጫማ፣ የግራ።
ጉድጓዱ ጉልበቴ ደረሰ፤
ቁጣው ጉሮሮዬ።

ያኔ አቶ ናካሶኔ መጣ፣ ኮፍያው ሰፊ፣ ጀርባው ጎባጣ፣
ብረት የሚያሸት ዘንጉን አሸዋው ላይ እያወዛወዘ።
ጉድጓዱን አየ። ልጄን አየ። እኔን አለፈኝ።
"ስትቀብሪው" አላት፣ "በረዶሽን በልተሽ ነበር?"
ከንፈሯ ላይ የሽሮፑ ሰማያዊ አለ ገና።
"አይ፤ የበረዶው መኪና አልመጣም ነበር።"
መዳፉን ከቅንድቡ በላይ አድርጎ ፀሐይን ለካ፤
"ጥላ" አለ፣ "እሑድም ሥራ ይገባል።"

እዚህ ከተማ ሰሜን ደቡብ እምብዛም አይሉም፤
ወደ ተራራው ነው፣ ወደ ባሕሩ ነው።
ሽማግሌው ግን አቅጣጫ የጠየቀው ከሰዓቱ፤
ለጉድጓዳችን ጀርባውን ሰጥቶ፣ በግንዱ ዞሮ በስተኋላ፣
እርምጃ ቆጥሮ ቆመ፣ ምሳ ከበላንበት ምንጣፍ ኋላ።
ዘንጉ ጮኸ።

አንድ ስንዝር እንኳ አልጠለቀም።
ቁልፉ ወጣ፣ አሸዋውን እንደ ስኳር ለብሶ፣
ከጠራራው መሐል።
ጭብጨባ። "ሥጋዬ!" ብሎ ካዌሉ ሮጠ፤
አርሮ ነበር፤ ያረረውን በላን።

ገንዘብ ብዘረጋ እጁን ኪሱ ከተተ።
ይልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ ለማኅደር አሳያት፦
የጆሮ ጌጥ፣ ሳንቲም፣ ሰባት የጋብቻ ቀለበት፣
ሰባቱም ባለቤት ያጡ።
ሙሽራዋ በትከሻችን አሻግራ አየች፤
ምንም አላለችም፤
ጣቷን ጨበጠች።

ቧንቧው ሥር እግሯን ሳጥባት
"ጥላው" አለች ማኅደር፣ "ቁልፉን ለምን ይዞት አልሄደም?"
አሰብኩበት።
እያሰብኩ የመኪናውን በር ከፈትኩ፣ ተቀመጥኩ፣
ተነሣሁ በጩኸት።
ወንበሩ እሳት ነበር።