የመጨረሻው ሲሶ

ኤስቴሊ ጭቃ ናት፣ ዝናቡ አባርቷል፤
የሃምቡርጉ ዴትሌፍ ከመስኮት ተጠግቷል።
ሲጋሩን ከጆሮው፣ እንደ ሹክሹክታ፣
ጨመቅ ለቀቅ አርጎ አደመጠው ላፍታ።
ቆረጠ፣ ለኮሰ፣ ዐይኖቹን ጨፈነ፤
ነጭ አመዱ ሳይረግፍ አንድ ጣት ያህል ሆነ።
«ሲጀመር ቁንዶ በርበሬ፣ መሐል ለውዝ ለውዝ ይላል፤
የመጨረሻው ሲሶ ግን ምላስ ላይ ይመራል።
ሠላሳ ሁለት ዶላር?» ራሱን ነቀነቀ፤
ቁራጩን ሳህን ላይ ጣለና ራቀ።

የጠቀለለችው ኦሊንዳ ፓልማ፣
አንገቷን ሳታቀና ሁሉን ስትሰማ፣
(መቶ ጠቅልላ ማታ የምትቀበለው
የአንዱን ዋጋ አይሞላም፤ ሒሳቡ ይህ ነው)
ቤቱ ጭር ሲል ተነሣች፣ ቁራጩን ለኮሰች፤
ስባ አታውቅምና ሦስት ጊዜ ሳለች።

ልክ ነው፣ ይመራል።
ለየችው ቅጠሉን፦
በጎርፉ ዓመት ወንድሟ የተሸከመውን፣
ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሲያገላብጥ አድሮ
ሳል ይዞ የቀረ፣ የዚያን ዓመት ኑሮ።

«ሰውዬው አጨሰው፤ እኔ ግን ጨስኩበት፤
ምሬቱ ላይ ነበር ዋጋው ያለበት፣»
ብላ፣ ዞር ዞር አይታ ማንም እንዳልሰማት፣
ሌላ ቅጠል ስባ ጣውላው ላይ አነጠፈቻት።