ልብ ይበሉ

የሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ውጭው በረዶ ነው፣
የካርተርስ ፎርክን መንገድ ያዳለጠው።
እኔ በድንገተኛው በር፣ መስኮት ሦስት ላይ
ስም መዝጋቢ ነኝ፤ የሚመጣን የማይ።
ቨርሊን ስቱፕስ ገባች፣ በባሏ ተደግፋ፣
ደረቷን ጨብጣ፣ ትንፋሿ ሊጠፋ።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ አውቃታለሁ፣
ልጄን ስድስት ዓመት በእሷ ልኬያለሁ።
«ልቤን» አለች፣ «ካርዴን» አለች፣ ቦርሳዋን ስትዳብስ፤
«ካርዱ ይደርሳል» አልኳት፣ «ትቅደም ነፍስ።»
ሕጉም ይኸው ነው፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦
በዚህ በር የገባ መክፈሉ ሳይጠየቅ ይታያል።

ገመድ ለጠፉባት፣ ደሟን ቀዱ፣ ጠበቁ፤
ወረቀቱ ላይ ተራሮች ወጡ፣ ወረዱ፣ ጠለቁ።
ሊነጋጋ ሲል ሐኪሙ፦ «ልብሽስ ጤነኛ ነው፤
ቃር ነው፣ ጨጓራሽ ወደ ላይ የረጨው።»
ኦዴል ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ፣
መኪናው ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመለት ሰው።
እሷ ግን አፈረች።
«ለቃር ነው ይሄ ሁሉ?» አለች፤
ጫማዋን እያሰረች ሁለቴ ይቅርታ ጠየቀች።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣች፣
ከኢንሹራንሱ የተላከ ደብዳቤ ይዛ።

«ልብ ይበሉ።
የመጨረሻ ምርመራ ውጤት፦ የጨጓራ አሲድ።
ይህ ድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ ድርጅታችን አይከፍልም።
ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር
ከእርስዎ ይጠበቃል።»

ልብ ይበሉ! እሷማ ልብ ነው ያለችው፣
ያን ሌሊት አንድ ቃል፣ እሱኑ ነው የጮኸችው።
እሷ «ልብ» ብትል «የለም፣ ሆድ ነው» አሏት፤
እነሱ «ልብ» ሲሉ፣ ይኸው ሆድ ባሳት።
ድንገት የሚሉት ቀጠሮ አለው እንዴ፣
ደውሎ የሚመጣ እንደ ሩቅ ዘመዴ?
ስሙን ሳይናገር ሲቆም ደጃፍ ላይ
ማን ነው በጨለማ ደረቱን ከፍቶ የሚያይ?

ዴልበርት ፓግ ትዝ አለኝ። አምና በኅዳር
«ቃር ነው» ብሎ ኖራ የሚመስል ክኒን ሲያላምጥ አደረ፤
ከፒክአፑ ስናወርደው
እሱ በርዷል፣ ሞተሩ ይዞር ነበረ።
የእሱን ሂሳብ ሳያንገራግሩ ከፈሉ።
የመጨረሻው ውጤት ድንገተኛ ነበራ።

በእረፍቴ፣ ከለስላሳ መሸጫው ማሽን ጎን፣ ይግባኝ ጻፍን።
ሕጉ የሚለው ሌላ ነው አልኳት፦
መለኪያው ሐኪሙ በኋላ ያገኘው አይደለም፤
ተራ ሰው፣ አስተዋይ ሰው፣ እያመመው፣
በዚያች ሰዓት ምን መሰለው?
እሷም በራሷ እጅ፣ ፊደሉን እየጫነች፦
«አርባ አራት ልጆች አሳፍራለሁ።
ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መሪ እጨብጣለሁ።
ቃር ነው ብዬ ተኝቼ፣
ዳገቱ ላይ መሪው ላይ ብደፋስ?»
ፊርማዋን አኖረች። ከፊርማው በታች፣ ማንም ሳይነግራት፣
«ልብ ይበሉ» ብላ ጨመረች።

መልሱ ገና አልመጣም።
ባለፈው ማክሰኞ ግሮሰሪ ውስጥ አገኘኋት፣
እንቁላል ስትመርጥ፣ አንድ በአንድ እያነሳች።
«እሑድ ሌሊት ደግሞ ያዘኝ» አለችኝ፣ «እንደ ያኔው።
ክኒን አላመጥኩ። ሰዓቱን አየሁ። ኦዴልን አልቀሰቀስኩም።
ነጋ።»
ሳቀች።
ጋሪዋ ውስጥ ሦስት ብልቃጥ የኖራ ክኒን ነበር።