ሲነሳ የሚጠራው

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣
ከበርበሬ ወፍጮ በሳንቃ ተጋርዶ፣
አንድ ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣
አንድ አግዳሚ ወንበር ባለጉዳይ ሞልቶት።

ኮምፒውተሩ ታሞ ባለፈው ኅዳር ወር፣
ቫይረስ ገብቶበት ፊደል ሲቀያይር፣
እንየው መጣና፣ ያለውን ጠራርጎ፣
ዊንዶውስ ጫነለት አዲስ ሰው አድርጎ።
ፊቱን ታጥቦ ሳየው ደስ አለኝ፤ ከፈልሁት።
በማግሥቱ ጠዋት አዝራሩን ተጫንሁት።

ጥቁር።
ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም፤
ሰባት ደቂቃ ሙሉ መንጋትም አይፈልግም።
መብራቱ በቀን አምስቴ ይሄዳል፣ ይመጣል፤
አምስት ጊዜ ሰባት፣ ቁጠሩት፣ ቀኔን ይውጣል።

አቶ ገደፋው ናቸው ከፊት የተቀመጡት፣
በሌሊት ተነስተው ከቋሪት የመጡት።
ሰረዟን አዩና፣ «ልጄ፣ ይኸ ዕቃሽ
ዳኛ ነው መሰለኝ፤ ዝም ብሎ አይቶሽ
ይቀጥርሻል» አሉ።
ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤
አራት መቶ ብሬን ለሳቅ አልከፈልሁም።

እንየው ተጠራ።
በመጀመሪያው ቀን ሳይጠሩ የሚመጡትን፣
ሲነሳ አብረው ተነስተው እግሩን የሚይዙትን፣
ፕሮግራሞቹን ሁሉ አንድ ባንድ አሰናበተ።
ሰባት ደቂቃዬ ግን እዚያው ተጎለተ።

በሁለተኛው ቀን ሆዱን ከፈተበት፤
የወፍጮው በርበሬ ማራገቢያው ላይ ረግቶበት፣
እፍ ሲል አስነጠሰ፤ እኔም፣ ወንበሩም አስነጠስን፤
ሣጥኑ ብቻ ዝም።
ራሙን አውጥቶ በልጄ ላጲስ ፈተገው፣
ሀርድ ዲስኩን እንደ ሰዓት ከጆሮው ለጥፎ አደመጠው፤
«ጤነኛ ነው» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ መላ ቢያጣ፣
ዊንዶውሱን ደግሞ እንደ አዲስ ሊጭን መጣ።
ጫነ።
ሰባት ደቂቃ።

ማታ በሩን ዘግቼ፣ በስልኬ ሰዓት ስቆጥር፣
አንድ ነገር አየሁ፦ ከነቃ ወዲያማ ፈረስ ነው፣ ሲበር።
ሰባቱ የሚያልቀው የዊንዶውሱ ምልክት ሳይመጣ ነው።
ጠዋት ለእንየው ነገርሁት፦
«ዊንዶውሱን ተወው፤ እሱ ገና አልደረሰም።
ከሱ በፊት ማነው ያለው?»

እንየው መልስ አልሰጠም።
ኤፍ ሁለትን ደጋግሞ መታ፤
ሰማያዊ ገጽ ወጣ፣ እንግዳ፣ በቀስት ብቻ የሚሄዱበት።
ከዝርዝሩ ራስ ላይ፦ አንደኛ፣ ኔትወርክ።
ሁለተኛ፣ ሲዲ።
ሦስተኛ፣ የገዛ ዲስኩ።

«ከየት ገዛሽው?»
ከማርቆስ፣ በጨረታ፤ የተዘጋ ፕሮጀክት ቢሮ ዕቃ ነው።
ሃያ ሆነው ከአንድ ሰርቨር ነበር የሚነሱት።
«ይኸው እኮ» አለ፣ «ጠዋት ጠዋት እሱን ይጠራል፤
አለህ? ይለዋል። ይጠብቃል። አለህ?
መልስ ሲያጣ ሲዲውን ያንኳኳል፤
የራሱን ሆድ የሚያስታውሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው።
ዊንዶውስ ሲጠረግ ይኸ አይጠረግም፤ ከሥር ነው፣
የካፖርት ቁልፍ የምታህል ባትሪ ይዛው የኖረች።»

ሁለት ጊዜ አዲስ ሰው አደረግነው፤
የሚጠራውን ስም ግን ማንም አልነካበት።

ጣቱ ሊሰርዘው ሲል «ተው፣ አታጥፋው» አልሁት፤ «ዝቅ አድርገው።»
«ምን ይሠራልሻል?»
«እንጃ። ከታች ይሁን።»

አርባ ሰከንድ።

ዳኛው የቀጠራቸው አቶ ገደፋው ተመልሰው መጡ፤
ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ።
«አሁንስ ነቅቷል። ጻፊ» አሉኝ።
«የመሬቴ ወሰን ከትልቁ ዋርካ ይጀምርና...»
ጣቴን አነሳሁ።
«ዋርካው አለ?»
«የለም። በደርግ ጊዜ ተቆርጧል።
ግን እኛ የምንጀምረው ከሱ ነው።»

ጻፍሁ።