አባዬ የለም፣ ውስጥ ነው

ሁለት ሰዓት ሳይሆን ዘምዘም ትወጣለች፤
ነጭ ጋዋኗን አጥፋ ቦርሳ ትከታለች።
የቦሩ ሜዳው ታክሲ ጉም ውስጥ ይዟት ገብቶ፣
የኋላ መብራቱ ቀይ ነጥብ ሆኖ ጠፍቶ፣
እሷ የሰው ልጅ ልታዋልድ ሄደች፤
የወለደቻቸውን ለእኔ አስረከበች።

አንዋርን አዘልኩት በእናቴ አንቀልባ፤
ጀርባዬ ደሴ ሆኖ ጣቴ ሸገር ገባ።
የዘይት አስመጪ ሒሳብ ያዥ ነኝ እኔ፤
የሰው ሚሊዮን ሲያልፍ ይቆጥራል ዓይኔ፤
የኛን ቤት ዘይት ግን፣ ከጠርሙሱ ወገብ
በብዕር አስምራ ዘምዘም ናት የምትገድብ።

ሂባ አራት ዓመቷ ነው። ከእሷ ጋር ውል አለን፤
በአንድ ሙዝ ተደራድረን፣ በአውራ ጣት ፈርመን፦
የእናቷ ቀይ ሻርፕ እጀታው ላይ ካለ
አባት ይቆጠራል እቤት እንደሌለ።
ደም፣ እሳት፣ ወይ ሽንት ካልሆነ አይንኳኳም፤
(ሽንትን ያስጨመረች እሷ ናት፤ አልክድም።)

ረቡዕ። ስብሰባ። ካሜራዬን ዘግቼ፣
ቆሜ እወዛወዛለሁ፣ ሕፃን አባብዬ ላስተኛ ሽቼ።
«አቶ ይማም፣ ይሰማል?»
«ይሰማል፤ እዚህ ነኝ።»
ማይኩን ማጥፋት። እሹሩሩ። ማይኩን ማብራት።
«እዚህ ነኝ።»

ያኔ ነው የውጭው በር የተንኳኳው።
አያ እንድሪስ ናቸው፤ የቅሬው ጸሐፊ፤
ደብተር በፌስታል ጠቅልለው በየደጁ አላፊ።
«አባትሽስ የታል?» ሰማሁ በስንጥቁ።
«አባዬ የለም፣ ውስጥ ነው።»
መጀመሪያ ሳቁ።
ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ፣ ለራሳቸው ይሁን ለእሷ፦
«ቅሬ ስጽፍ ዓመቴ አለፈኝ ሠላሳ፤
ውስጥ ሆኖ የሌለ ሰው፣ እኔ እማውቀው ሬሳ።»
«አብሽሪ» ብለዋት፣ ጸጉሯን ነክተው ሄዱ፤
የወሩን መዋጮ ረስተው ሳይወስዱ።

ሰንጠረዡ ላይ ዜሮዎቹ በረድፍ ቆመው
አፋቸውን ከፍተው «አላህ ይርሐመው» የሚሉ መሰሉኝ።
አንዋር ግን ትከሻዬን በለሃጩ አርሶ፣
ክብ አድርጎ አትሞብኛል፤
በዚያ ቀን የመኖሬ ማስረጃ፣
ሸሚዜ ላይ ያረፈ ያ እርጥብ ማኅተም ብቻ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሄደ።
ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን ተደገፈ።
ሥራ አስኪያጁ፣ በርሜሉ፣ ሚሊዮኑ፣
«አቶ ይማም፣ ተቆራረ—» እንዳሉ በነኑ።

ወጣሁ። ሻርፑ እጀታው ላይ የለም።
«ሂባ!» ዝም።
«ሂባዬ!» ወጥ ቤት የለችም። አልጋው ሥር የለችም።
ደም፣ እሳት፣ ሽንት፤
ውላችንን በልቤ እየደገምኩ፣
መጥፋት የሚባለውን ሳንጽፈው መቅረታችን
ጉልበቴን ያዘኝ።

ያያት አንዋር ነው። ነቅቶ ኖሮ፣
በጆሮዬ በኩል አንዲት ጣት ዘረጋ።
መጋረጃው ሥር ሁለት እግር፤ አንዱ ብቻ ካልሲ የለበሰ፤
ከላይ ቀይ ሻርፕ የተከናነበ ነገር ተነፈሰ።

«ሂባ?»
«የለሁም። ውስጥ ነኝ።»

ለአያ እንድሪስ ደብተር የሚሆን መልስ አልነበረኝም።
ጎንበስ ብዬ ሻርፑ ሥር ገባሁ፤
አንቀልባው አላስገባ አለ፤ በግድ አስገባሁት።
ሦስት የሌሉ ሰዎች፣ በአንድ ጨርቅ፣
ሙዝ ሙዝ በሚል ትንፋሽ ውስጥ።
ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤
የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ግን አልቆጠርኩም።

መብራት መጣ። ሞደሙ አረንጓዴ ዓይኑን ገለጠ፤
ስልኬ ጠረጴዛው ላይ
በጀርባው እንደወደቀ ጢንዚዛ ተንቀጠቀጠ።

«አባዬ፣ መጡ።»
«እነማን?»
«እነ ሥራ።»
«የለም በያቸው።»

ትንሽ አሰበች። ሻርፑን ወደ አገጯ ሳበች።
«ውስጥ ነው ልበላቸው?»