ከቅሎቹ በላይ

ሠላሳ አንድ ዓመት በሚራጅ ጣቢያ
ዘንግ ስስብ ኖርኩ፣ ለባቡር ማለፊያ።
ቀዩን ሳበራለት ይቆማል ያ ግዙፍ፤
አረንጓዴ ሲያይ ያፏጫል ለማለፍ።
ፈረቃዬ ላይ አንድ ሌት አልተኛሁም፤
ማንንም ከማንም ጋር አላጋጨሁም።

ጡረታ ወጣሁ። የአበባ ጉንጉን፣ የግድግዳ ሰዓት፣
ፎቶ ተነሣን፣ ጣፋጭ በላን፣ አለቀ በዚያው ዕለት።
ከዚያ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣
በራ ደረቴ ውስጥ አንድ ቀይ መብራት።
ማን እንዳበራው እንጃ። ዘንጉን ፈለግሁት፤
በእጄ የለም፤ በቤቱም አጣሁት።

ሐዘን አይደለም፤ ሐዘን ስም አለው፣
የሞተ አለው፣ የሚለቀስለት ሰው።
ይኼ ግን ሌላ ነው፤ ሸሚዜን ለብሼ
ሦስተኛው ቁልፍ ላይ እተኛለሁ ተመልሼ።
የወተት ሻዬ ይቀዘቅዛል፣ ስልባቦት ይዞ አናቱ፤
ዝንብ ያርፍበታል፤ አያለሁ በከንቱ።

ባለቤቴ ኩሱም «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች፤
«ምንም» እላለሁ። እውነቴን ነው። ታለቅሳለች።
ምንም ነው የሆንኩት፤ በቁሜ ምንም፤
ለምንም ደግሞ መድኃኒት የለም
ብዬ ነበር።

«ዓይን ነው» አለ አንዱ፤ «ስንፍና ነው» ሌላው፤
ሐኪሟ ብቻ ናት በስሙ የጠራችው፦
«ድባቴ ይባላል፤ እንደ ወባ ሕመም ነው፤
የወባ ታማሚን ‹ሰነፍ› የሚለው ማነው?»
ክኒን ጻፈችልኝ፤ «አትቸኩል» አለች፤
«ሳምንታት ይፈጃል» በጣቷ ቆጠረች።
መጠበቅ አውቃለሁ። ሥራዬ ነበረ።
በስድስተኛው ሳምንት እንቅልፌ ሰመረ፤
ሰውነቴ ግን እንደ ጆንያ ቀረ።

«ሹባዳ ጋ ሂድ» አለች፣ ወረቀት አትማ፤
«ክኒኑን ሳትተው» ሁለቴ ደጋግማ።

የዮጋው ክፍል ፎቅ ነው። ሥሩ የሲታር ሠሪ ሱቅ፣
ትልልቅ ቅል የተሰቀለበት፣ እስኪደርቅ የሚጠብቅ።
ባሺር አጎንብሶ ሆዱን ይፍቃል፣ ይፍቃል፤
የቅሉ አቧራ በደረጃው ይወጣል።
አሥራ ዘጠኝ ደረጃ። ሰኞ በሰባተኛው ዞርኩ።
ማክሰኞም እንደዚያው። ሐሙስ ግን ደረስኩ።

እኔ የጠበቅሁት እግሩን ባንገቱ ያጠለቀ
ፂማም መናኝ ነበር፣ ከዓለም የራቀ።
ሹባዳ ወፍራም ናት፤ መነጽሯ የተሰነጠቀ።
«ምን መሥራት ትችላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።
«መተኛት» አልኳት። «ጎበዝ!» አለችኝ።
ከጀርባዬ ሥር ረጅም ትራስ አስገብታ
ደረቴን ከፈተችው፣ እንደ መስኮት፣ በዝግታ።
«አሁን ተንፍስ። ሌላ ሥራ የለህም።
አእምሮህን ተወው፤ ዛሬ አንለምነውም።
የፊቱ በር ሲዘጋ ጓሮ አይጠፋም።»

ተነፈስኩ። ብርሃን አልበራም፤ ራእይም አልመጣ፤
ከወለሉ ሥር ብቻ የሞረድ ድምፅ ወጣ።
ፍቅ። ቆም። ፍቅ። ከትንፋሼ ገጠመ፤
ታች ቅል ተፋቀ፤ ላይ ራስ ቅል ተጋደመ።

አልዋሽም። በጥቅምት ዳግመኛ ወደቅሁ፤
አራት ቀን ሙሉ ፊቴን በግድግዳ ደበቅሁ።
ሹባዳ ደወለች፦ «ካልቀረ ካፈጠጥክበት፣
ግድግዳው ያገልግልህ፤ እግርህን ስቀልበት።»
ሰቀልኩ። ኩሱም ገባች፤ ተገልብጬ አየችኝ፤
ሳቀች፤ ጫማዋን ጥላ ጎኔ ተኛችልኝ።
አራት እግር ግድግዳ ላይ። ውጭ ዝናብ።

ባሺርን ጠየቅሁት፦ «ስንቴ ነው የምትፍቀው?»
«ወፍራሙ ዲዳ ነው፣ ስሱ ይሰነጠቃል፤ ልኩን ማን ያውቀው?
እያንኳኳሁ እሰማለሁ» አለና ቅሉን መታ፤
እኔም ደረቴን መታሁ፣ ሰው እንዳያይ፣ በጸጥታ።

ክኒኑ አሁንም አለ፣ ከጥርስ ብሩሼ ጎን።
ቀዩም ይበራል፣ አንዳንድ ቀን።
ግን ባቡር ነጂ የሚያውቀው ሌላ ቀለም አለ፣
እኔው ራሴ የረሳሁት፣ መሀል ላይ የዋለ፤
ቢጫ፣ ‹ዓይንህን ገልጠህ፣ ቀስ ብለህ እለፍ› የሚል።
ዛሬ ጠዋት ያ ነው የበራው። ቅልል
አላለኝም ገና፤ ውሸት ነው ይህን ብል።
ግን ሸሚዜን ለበስኩ፤
አምስቱንም ቆለፍኩ፤
በሰባተኛው ደረጃ ቆሜ
አንድ ጊዜ ተነፈስኩ። ከዚያ ወጣሁ፣ ደግሜ።