የዘበኛው ብስክሌት

ድራክና ኢዜር ከሚጋጠሙበት፣
ከግሬኖብል ዳርቻ፣ መስኮት ከሌለው ቤት፣
ኦዲል ሌሊት ሙሉ ኒውትሮን ትጠብቃለች፤
ጠርሙስ ውስጥ አጉራቸው እስኪያልቁ ትቆጥራለች።
ሩጫ የረሱ ናቸው፣ ቅዝቃዜ ያደከማቸው፤
ልጅ በእግሩ ቢሽቀዳደም ቀድሞ የሚያልፋቸው።

በመግነጢስ መሀል እንደ እንዝርት ይሾራሉ።
ጥያቄዋ አጭር ናት፦
ሽቅብ የነበረው የኤሌክትሪክ መስክ
ቁልቁል ቢገለበጥ፣
ሹረቱ በፀጉር ስንጣቂ ታህል ይፈጥናል? ይዘገያል?
ወይስ ዓለም ለትናንትም ለነገም
እኩል ይፈርዳል?

ቁስና ፀረ-ቁስ መንታ ተወልደው፣
ተቃቅፈው ባለቁ፣ ብርሃን ብቻ ሆነው፤
ግን አንድ ነገር አዳላ፤ ምን እንደሆነ አናውቅም።
ያ ፍርደ ገምድል ባይኖር፣ እኛ የሚባል አይኖርም።

ማክሰኞ ሌሊት ሚዛኑ ደፋ።
ሐሙስ ደገመው።
ባስትያን ሳንድዊቹን እንደ ጎረሰ ቀረ።
ኦዲል ግን አልዘለለችም፤
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ የከረመ ሰው
መጀመሪያ የሚጠረጥረው ደስታውን ነው።
ገመድ ፈተሸች፣ ብሎን ነቀለች፣
ከራሷ ፀጉር ሽቦ አወጣች፣
የትራሙን ሰዓት ከሠንጠረዡ ጋር አስተያየች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከግድግዳው ማዶ፣
ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተደግፋ ተገኘች፤
የዘበኛው የሙሴ ቡርዳ ብስክሌት፣
ከአባቱ የወረሳት፣ ብረቷ ወፍራም።
ተራው ማክሰኞና ሐሙስ ነው።
ዝናብ እንዳይነካት ብሎ እንጂ።

ኮፍያውን አውልቆ፣ ሰው እንደ ገደለ፣
«አላወቅሁም፣ እመቤቴ፣ ይቅርታ» አለ።
«ዓለም አዳላ ብለን ነበር» ስትል ሳቀች፣
«ለካስ የእርስዎ ፔዳል ነች።»

በሰኔ፣ ራሳቸውን እንዳይዋሹ
አውቀው የቀበሩትን ቁጥር ከፈቱ።
ዜሮ።
ከጎኑ ቀጭን ሲደመር ሲቀነስ።
ባስትያን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፦ «ባዶ።»
«አይደለም» አለች፣
«የሚደበቅበት ጓዳ ጠበበ እንጂ።
አንድ ግድግዳ ገፍተንበታል።»

ጎህ ሲቀድ ወጣች። ሸለቆው ጭጋግ፣
ከሊንደኑ ዛፍ ሥር ብስክሌቷ ብቻዋን፣
በአንድ እግሯ ቆማ
ወደ ግራ ዘመም ብላለች።
ኦዲል አየቻት፤
አላቃናቻትም።